ጦቢያን በእጅ መጠረዝ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ሱሉልታ

ሥራው፦ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» (በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለውን መጽሐፍ) ፊደሉን እንደ አዲስ መልቀም፣ ስድስት የእንጨት ሥዕል መጨመር፣ 60 ቅጂ አትሞ በእጅ መጠረዝ። መጠኑ ኤ5። ቦታው ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ያለ የአናጢ ቤት ጓሮ። ያለው ዕቃ፦ አንድ ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የአናጢ ሞርሳ፣ መሮዎች፣ ወስፌ። የጎደለው፦ ያልተቆራረጠ መብራት እና ደረቅ አየር። ሥራው ክረምት ላይ መጀመሩ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ለምን ይህች መጽሐፍ? ደራሲው ሠዓሊም ስለሆነ። በ1868 ዘጌ ተወለደ (የደራሲው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በ1887 ምኒልክ ጣሊያን ላኩት፣ ቱሪን በአልበርቲና አካዳሚ ሥዕል ተማረ፣ ሲመለስም በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሠራ። እንጦጦ ከዚህ ጓሮ በስተደቡብ የሚታየው ተራራ ነው። በ1908 ሮም ላይ ያሳተማት ይህች ቀጭን መጽሐፍ የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ ናት። ሠዓሊ የጻፋት ሆና ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ቅጂ ሥዕል አልባ ነው። እሱን ለማካካስ ነው የተነሳነው።

ሳምንት 1 (ሰኔ መጀመሪያ) — ምንጩ

የተገኘው የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። ጥቁሩ ተበልቷል፣ የመስመሮቹ ጫፍ ወደ መሐል ጎብጧል። በስልክ ካሜራ ከላይ ማንሳት ተሞከረ፦ ስልኩ በእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ ገጹ በ4 ሚ.ሜ መስታወት ሥር። መስታወቱ የመስኮቱን ብርሃን መለሰ፤ ገጹ መሐል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። መብራቱን ከላይ ትቶ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ማብራት ችግሩን ፈታው። ከዚያ ገጾቹ በስካን ቴይለር (የገጽ ምስል ማቅኛ ፕሮግራም) ተቃኑ፤ 400 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች)፣ ጥቁርና ነጭ። በ300 ሲሆን የቀለበቶቹ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ያኔ «ቂ»ን ከ«ቄ» መለየት አይቻልም።

ቴሰራክት (ከምስል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም) የአማርኛ ሞዴል ስላለው በአሥር ገጽ ላይ ተፈተነ። ከ100 ፊደል 11 ገደማ ስህተት ወጣ። ብዛቱን መታገሥ ይቻል ነበር፤ ዓይነቱ ግን አያስችልም። «ጸ»ን «ጰ» ያደርጋል፣ «ለ»ን «ሰ» ያደርጋል፣ ሁለት ነጥቡን አንዴ ይውጠዋል፣ አንዴ አራት ነጥብ ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው ስህተቱ ትክክለኛ ቃል መስሎ መውጣቱ ነው፤ ዓይን ያልፈዋል። ሁለት ቀን ከታገሉ በኋላ መሰረዝና ሁሉንም በእጅ መጻፍ ይሻላል። እኛም አምስት ቀን አባክነን እዚያው ደረስን።

ሳምንት 2 እና 3 — ፊደል መልቀም

መጻፊያው ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም፣ ፊደሉ (ፎንቱ) አቢሲኒካ ኤስአይኤል። አቢሲኒካ የተመረጠው ነጻ ስለሆነና የብዕር ውፍረትና ቅጥነቱ ስለሚታይ ነው። ቀደም ብሎ በሌላ ሰው የተጻፈ 14 ገጽ ነበረ፤ ሲከፈት ግን በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስለሆነ ዩኒኮድ (የዛሬው የፊደል ኮድ) ላይ የላቲን ምልክት ዝናብ ሆነ። መለወጫ ሶፍትዌር አለ፣ ግን ዲቃላ ፊደላቱን (ቋ፣ ጓ፣ ኳ) ያበላሻል። ያም ተጥሎ እንደ አዲስ ተጻፈ።

በስልክ መጻፍ ተከለከለ። የስልኩ ኪቦርድ ቃል ሲገምት «ንጉሥ»ን «ንጉስ»፣ «ዓይን»ን «አይን» ያደርጋል። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ደራሲው የጻፈው ፊደል አይነካም። የ1908ቱን ሆሄ ወደ ዛሬው «ማስተካከል» ቀላል ነው፤ አንድ ፍለጋና ምትክ ነው። ግን ሰውየው በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ ያሳተመ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማረ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ሳያይ አላለፈም። ስለዚህ የተለወጠው የማተሚያ ቤት ስህተት መሆኑ የማያጠራጥር 23 ቦታ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ገብቷል።

እርማቱ በሁለት ሰው ነው፦ አንዱ ምንጩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ስክሪኑን ይከተላል። ድምፅ ግን ሞክሼዎቹን አይለይም። ለዚህ የቆሎ ተማሪ ስሞቹ አሉ፤ ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ»፤ ንጉሡ «ሠ»፣ እሳቱ «ሰ»፤ ጸሎቱ «ጸ»፣ ፀሐዩ «ፀ»፤ አልፋው «አ»፣ ዓይኑ «ዐ»። ሞክሼ በመጣ ቁጥር ስሙ ይጠራል። ፍጥነቱ በሰዓት ሦስት ገጽ ተኩል ነው። ስሙን ሳይጠሩ ስድስት ገጽ ይሄዳል፣ ግን ያኔ በየገጹ አራትና አምስት ስህተት ያመልጣል።

አንድ ነገር እዚህ ቀስ ብሎ ሲነበብ ብቻ ይታያል። የጀግናይቱ ስም ጦቢያ ነው፤ ሕዝቡ በአፉ አገሪቱን የሚጠራበት ስም። በየገጹ «ጦቢያ አለቀሰች»፣ «ጦቢያ ሄደች» ዓይነት ነገር ሲያልፍ ስለ አንዲት ልጅ እያነበቡ ስለ አገር ይሰማሉ። ደራሲው አንድም ቦታ ቆሞ አያብራራውም። ስም አውጥቶ ዝም አለ፤ ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው። ወንድሟ ዋህድ መንታዋ ነው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፣ ደግ ነጋዴ ነጻ ያወጣዋል፤ ዋህድ ያን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ ራሱ ባሪያ ይሆናል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ ተጠምቆ ያገባታል። ሥዕሎቹን ያስቸገረው ይኸው መጨረሻ ነው፤ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሳምንት 4 — ሁለት ነጥብ

በ1908 ቃላት የሚለያዩት በሁለት ነጥብ ነው። መጀመሪያ በክፍት ቦታ ተክተን ናሙና አተምን፤ ዘመናዊ መሰለ፣ ግን ገጹ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ተመለሰ። የተጠቀምነው ትክክለኛው ምልክት (ዩኒኮድ 1361) ነው እንጂ የላቲኑ ኮለን አይደለም፤ ኮለኑ ከፊደሉ ወገብ በታች ይወርዳል። አራት ነጥብም እንዲሁ፦ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የተመታበት ቦታ ሁሉ በፍለጋና ምትክ ወደ 1362 ተለወጠ፤ 61 ቦታ ተገኘ።

ከዚያ ችግሩ መጣ። ሊብረኦፊስ (ገጹ የተቀናበረበት ፕሮግራም) መስመርን ግራና ቀኝ እኩል የሚያደርገው ክፍት ቦታን በመለጠጥ ነው። በሁለት ነጥብ ብቻ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ የሚለጠጥ ነገር የለም፤ የቀኙ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። የተሞከረው፦

መጀመሪያ ከሁለት ነጥብ በኋላ ቀጭን ክፍት ቦታ (ዩኒኮድ 2009)። አልሠራም፤ ስፋቱ የተወሰነ ስለሆነ አይለጠጥም። ቀጥሎ ተራ ክፍት ቦታ። ተለጠጠ፣ ግን በጣም ሰፋ። በመጨረሻ ተራ ክፍት ቦታ ሆኖ የፊደል ስፋቱ ወደ 40 በመቶ ተጨመቀ። ይህ ሠራ። ከሁለት ነጥቡ በፊት ግን ክፍት ቦታ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ከገባ ሁለት ነጥቡ ተነጥሎ የቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። 300 ያህል እንዲህ ያለ ቦታ ነበረ፤ ጸሐፊዎቹ ለምደውት ነው።

የገጹ ልክ፦ ፊደል 11.5 ነጥብ፣ ከመስመር መስመር 17 ነጥብ። ለላቲን ይህ ሰፊ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ላይና ታች የሚወጣ ጭራ ስለሌለው ሁሉም አንድ ቁመት ግድግዳ ይሠራል፤ 14 ነጥብ ሲደረግ ዓይን መስመር ይዘላል። ኅዳግ፦ በውስጥ 20፣ በውጭ 17፣ ከላይ 18፣ ከታች 24 ሚ.ሜ። በገጽ 28 መስመር። ጠቅላላ 112 ገጽ፤ 16 ገጽ የያዙ ሰባት ጥራዞች (አብረው ታጥፈው የሚሰፉ ሉሆች)።

ግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው መጀመሪያ ሮም ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ.፣ መዝሙረ ዳዊት። ከአራት መቶ ዓመት ጥቂት ጎደል ብሎ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድም እዚያው ሮም ታተመች። ስለ አገር ማንነት የሚነገርባት መጽሐፍ ከአገር ውጭ መወለዷ ለዚህ ደራሲ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሳምንት 5 — ወረቀት

አራት ደስታ (አንዱ 500 ሉህ) ኤ4 ወረቀት በ780 ብር ሒሳብ ተገዛ፣ 3,120 ብር። ስህተት። ኤ4 ወረቀት ክሩ (የቃጫው አቅጣጫ) በረጅሙ ጎን ነው የሚሄደው። ለኤ5 መጽሐፍ በመሐል ሲታጠፍ ክሩ ከጀርባው ጋር ይቋረጣል፤ እጥፋቱ ይሰነጠቃል፣ መጽሐፉ ተከፍቶ አይተኛም፣ ሙጫ ሲነካው ጀርባው ይሸበሸባል። ክሩን ለማወቅ፦ ከወረቀቱ ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ አንዱን ከቁመቱ አንዱን ከወርዱ ቆርጦ አንድ ላይ ጫፋቸውን ይዞ ማንሳት። ወደ ታች የሚወድቀው ክሩ በራሱ በቁራጩ ወርድ የሚሄደው ነው። ይህን ከመግዛት በፊት ማድረግ ነው።

መፍትሔው ትልቁን 61 በ86 ወረቀት መግዛት ነው። ክሩ በ86ቱ በኩል ከሆነ፣ አንዱ ሉህ 61ን ለሁለት፣ 86ን ለአራት ሲከፈል ስምንት ኤ4 ይወጣል፤ የእያንዳንዱም ክር በአጭሩ ጎን ይሆናል። ሲታጠፍ ከጀርባው ጋር አብሮ ይሄዳል። ለአንድ ቅጂ 28 ሉህ፣ ለ60 ቅጂ 1,680። ግማሽ ደስታ (250 ትልቅ ሉህ) 2,000 ሰጠ። ዋጋው 4,600፣ ማስቆረጫ 400 ብር። ቀለሙ ክሬም፣ ክብደቱ 70 ግራም። የመጀመሪያው አራት ደስታ ለእርማት ቅጂና ለናሙና ዋለ፤ ከጥቅሙ ጥፋቱ ይበልጣል።

ሳምንት 6 እስከ 9 — ሥዕሎቹ

መጀመሪያ ሊኖሊየም ታሰበ። ገበያው ላይ «ሊኖሊየም» ተብሎ በሜትር የሚሸጠው የወለል ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ስፖንጅ አለው። መሮው ይንሸራተታል፣ የተቀረጸው ጠርዝ ይገለበጣል፣ ሲጫን ስፖንጁ ስለሚረግብ ጥቁሩ ቦታ መሐል ላይ ይነጣል። 450 ብር ለዚህ ሄደ።

ከዚያ እንጨት። ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ ግን ገና ሲቀረጽ ይሰነጠቃል። ጽድ ጥሩ ጠርዝ ይይዛል፣ ቋጠሮው ግን መሮ ይሰብራል። ዋንዛ ልስልስ ነው፣ ክሩም ጸጥ ያለ ነው፤ የብራና መጻሕፍትን ሰሌዳ ሲሠሩበት የኖሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ቁራጭ፣ 9 በ12 ሳ.ሜ፣ ውፍረት 2.2 ሳ.ሜ፣ ከአናጢው ትርፍራፊ፣ 600 ብር። በ120 ከዚያ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ተለሰለሰ። ዋንዛ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አይቆምም፤ አራተኛው እትም ላይ ይደቃል። ይህ ገደብ ቀጣዩን ውሳኔ ወሰነ።

ውሳኔው የአሣሣሉ ነገር ነው። አፈወርቅ አካዳሚ የተማረ ሰው ነው፤ ጥላና ርቀት ያውቃል። እሱን መከተል ማለት በቀጫጭን መስመር ጥላ መሥራት ማለት ነው፤ እንጨቱ እምቢ አለ። የቀረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መንገድ ነው፦ ወፍራም መስመር፣ ትልቅ ዓይን፣ ጥላ የለም። በዚህ መንገድ ደግሞ ያደግንበት ሕግ አለ። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ።

አባቱ፣ መንታዎቹ፣ ጦቢያ በወንድ ልብስ፦ ሁሉም ሁለት ዓይን። ነጋዴውም ደግ ነውና ሁለት ዓይን። ንጉሡ ግን ችግር ነው። በአምስተኛው ሥዕል ሰው የሚማርክ ጠላት ነው፣ በስድስተኛው ሙሽራ። ስለዚህ አምስተኛው ላይ በጎን፣ አንድ ዓይን፤ ስድስተኛው ላይ ተጠምቆ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን። ረቂቁ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ መጽሐፉ ስለ አገር ምን እንደሚል ራቁቱን ወጣ፦ ሌላው ሰው ከእኛ የሚቆጠረው ሌላነቱን ሲተው ነው። በቃል ሲነበብ ተረት መስሎ ያልፋል፣ ጣፋጭ አማርኛው ይሸከመዋል። ሁለት እንጨት ጎን ለጎን ሲቆም ግን አያልፍም። ይለሳለስ ወይ ተብሎ ነበር፤ ንጉሡን ከመጀመሪያውም ሁለት ዓይን መስጠት። አልተደረገም። የደራሲውን ሐሳብ ማሳመር የሠዓሊ ሥራ አይደለም፤ ማሳየት ነው።

ቴክኒኩ ላይ የወጣው ስህተት፦ መጽሐፉን ያላነበቡ አምስት ሰዎች ሁለቱን እትሞች አይተው አራቱ አንድ ሰው መሆኑን አላወቁም። ፊት ከጎን ወደ ፊት ለፊት ሲዞር አፍንጫም ጺምም ይለወጣል። መላው ዘውዱን አንድ ማድረግ ሆነ። የአምስተኛው ዘውድ በዘይት ወረቀት ተገልብጦ ስድስተኛው ላይ ተለጠፈ፤ ሦስት ጫፍ፣ መሐሉ ላይ ሦስት ነጥብ፣ የጆሮ ጉትቻ በግራ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አወቁት።

ሌላው የታወቀ ስህተት እኛም አልቀረልንም። የርዕሱ ሥዕል ላይ «ጦቢያ» በቀጥታ ተቀረጸ፤ ሲታተም ተገልብጦ ወጣ። የ«ጦ» እግር በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይቶ ነው የነቃው። ጽሑፉን በዘይት ወረቀት ጽፎ፣ ወረቀቱን ገልብጦ በእንጨቱ ላይ ማሸት ነው የሚገባው። እንጨቱ በጀርባው ተላግቶ እንደገና ተቀረጸ።

ቀለም፦ ግማሽ ኪሎ ጥቁር የኦፍሴት ቀለም፣ 650 ብር። በመስታወት ላይ በቀጭኑ ዘርግቶ በጎማ ሮለር ማንሳት፤ ሮለሩ ሲንከባለል ድምፁ እንደሚጠበስ ሽንኩርት «ጭስ» ካለ በቂ ነው፣ «ጭቅ ጭቅ» ካለ በዝቷል። ሲበዛ ዓይኖቹ ይደፈናሉ፤ ለዚህ ሥዕል ዓይን ከተደፈነ ነገሩ ሁሉ ጠፋ። ማተሚያ የለም፤ ወረቀቱ ጀርባው በእንጨት ማንኪያ ታሸ፣ ከመሐል ወደ ዳር። አንዱ እትም ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ማጽጃው ላምባ።

የቀለሙ መድረቅ ሐምሌ ሱሉልታ ላይ ስድስት ቀን ፈጀ። የኦፍሴት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ብርድና እርጥበት ያዘገየዋል። በሁለተኛው ቀን የተደራረቡት 18 ሉሆች አንዱ የአንዱን ፊት አተመ። ከዚያ በኋላ ሉሆቹ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀሉ፤ ቀለሙ ላይም ጥቂት ድራየር (ማድረቂያ) ገባ። ወደ ሦስት ቀን ወረደ።

አምስተኛው እንጨት ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ነበር። ከአርባ ስድስተኛው እትም በኋላ ከራሱ ጫፍ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ ከዘውዱ እስከ አገጭ ይወርዳል። በሰም ተሞላ፣ ግን ነጭ መስመሩ ይታያል።

ሳምንት 10 — ጽሑፉን ማተም

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ሌዘር፣ ከዚያ እንጨት። የፕሪንተሩ ፊውዘር (ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ይግላል፤ ያልደረቀ የዘይት ቀለም ከገባ ሮለሩ ላይ ይቀራል። እኛ ለማፋጠን ሥዕሎቹን አስቀድመን በነጭ ሉህ ላይ መሥራት ጀምረን ነበር፤ 30 ሉህ ወደ ጎን ተደረገ። (ሳምንት 6 እስከ 9 ያለው የሥዕል ኅትመት አብዛኛው ከዚህ በኋላ የተሠራ ነው፤ ማስታወሻው በሥራ ዓይነት እንጂ በቀን አልተደረደረም።)

ገጾቹን በጥራዝ ሲደለድሉ የመጀመሪያው ሉህ በአንድ ፊት 16 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 15 ይይዛል። ሁለቱን ፊት ማተም «በአጭሩ ጎን ገልብጥ» ተብሎ መታዘዝ አለበት። በረጅሙ ከሆነ ጀርባው ቁልቁል ይወጣል፤ 40 ሉህ እንዲህ ተበላሸ። መብራት በመሐል ሲጠፋ ደግሞ ፕሪንተሩ የት እንዳቆመ አያውቅም፤ የገጽ 2 ጀርባ ገጽ 17 ሆኖ ይመጣል። መፍትሔ፦ ሁሉንም አንዴ አለመላክ። አንድ ሉህ፣ 60 ቅጂ፣ ፊቱን፤ ከዚያ ያው 60 ጀርባውን። 28 ጊዜ ተደገመ። በአጭር ክር የተቆረጠ ወረቀት ከእርጥበት ጋር ይጠቀለላል፤ ወረቀቱን ከማስገባት በፊት ጠባብ ካርቶን ውስጥ ከ40 ዋት አምፖል ጋር አንድ ሌሊት ማሳደር መጨናነቁን በግማሽ ቀነሰ። ቶነር ሁለት ጊዜ ተሞላ፣ 2,200 ብር።

ሳምንት 11 እስከ 13 — መስፋት

ሰባቱ ጥራዞች በግርጌያቸው ምልክት አላቸው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አንዱ ጠሪ ሌላው አንሺ እስኪሆን ድረስ። «ሰ አቀብለኝ» ሲባል «ሠ» መጣ፤ አንድ መጽሐፍ አምስተኛና ሰባተኛ ጥራዙ ተለዋውጦ ተሰፋ። በእርማት ጊዜ የተማርነውን ንጉሡና እሳቱን ማለት እዚህ ረሳነው።

አሰፋፉ የብራና መጽሐፍ ነው፦ አራት ቀዳዳ፣ ሁለት ጥንድ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር በሁለት መርፌ። ቀዳዳዎቹ ከራስ 35፣ 75፣ 135 እና 175 ሚ.ሜ ላይ በወስፌ። መብሻ ልክ ከካርቶን ይሠራል፤ በዓይን ከተባለ ጀርባው ይጣመማል። ክር፦ የናይሎን የጫማ ክር ተሞክሮ ወረቀቱን ቆረጠው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሦስት ሆኖ ተገምዶ፣ በሰም ታሽቶ ተሰፋ። ለአንድ መጽሐፍ 1.80 ሜትር። ክሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጥራዙ ርዝመት አቅጣጫ ነው መሳብ፤ ወደ ላይ ከተሳበ ቀዳዳው ይቀደዳል። ብራና የሚደጉሱ አንድ የኔታ ቋጠሮውን አይተው «አንቀሃታል፣ ትንሽ ለቀቅ አድርጋት፤ መጽሐፍ ይተንፍስ» አሉ። ልክ ነበሩ፤ የጠበቁት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሁንም ተከፍተው አይተኙም።

የብራናው ሰሌዳ እንጨት ስለሆነ ክሩ በእሱ ውስጥ ያልፋል። እኛ 2 ሚ.ሜ ካርቶን ነው ያለን፤ ሦስት ቅጂ ላይ ክሩ የካርቶኑን ጠርዝ በላው። ተፈትተው ሽፋኑ በሙጫ ሆነ፦ 7 ሳ.ሜ ስፋት አቡጀዴ ጀርባው ላይ፣ በግራና በቀኝ ካርቶኑ ላይ 3 ሳ.ሜ፣ በመሐል 7 ሚ.ሜ ማጠፊያ። አቡጀዴ ስስ ስለሆነ ሙጫው በላዩ ይወጣል፤ አስቀድሞ ስስ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ከጀርባው መለጠፍ ያስፈልጋል። የዱቄት ሙጫው አንድ እጅ ስንዴ፣ አምስት እጅ ውሃ፣ ተቀቅሎ ተጣርቶ። ለጀርባ ማጠንከሪያ ግን አይሆንም፤ በክረምት ሁለት ቅጂ ሻገተ። ለዚያ ነጭ ኮላ፣ ሦስት እጅ ኮላ ለአንድ እጅ ውሃ። በብሎኬት ሥር ጋዜጣ እየለወጡ 24 ሰዓት።

ካርቶን፦ ከአንድ 70 በ100 ሉህ 16 ሰሌዳ፣ ማለትም የስምንት መጽሐፍ ሽፋን። ዘጠኝ ሉህ በ260፣ 2,340 ብር። አቡጀዴ 2 ሜትር 360፣ ክር 150፣ ሰም 120፣ ኮላ 500።

መስከረም 1ኛ ሳምንት — ስሙ

የርዕስ ገጹ ከሁሉ ያነሰ ቴክኒክ ያለው፣ ከሁሉ የበለጠ ያከራከረ ሥራ ነው። ርዕሱ ቀላል ነበር፤ ደራሲው ያወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» ከላይ፣ «ጦቢያ» በእንጨት ከታች። ደራሲው ግን ማን ተብሎ ይጻፍ? ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ወግኖ ያገኘው «አፈ ቄሣር» የሚል ስምም አለ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዞ በ1947 እዚያው ሞተ።

ሦስት ረቂቅ ታተመ። የመጀመሪያው ማዕረጉን ብቻ ይዞ ነበር፤ ማሞገስ ሆነ። ሁለተኛው የጀርባ ሽፋኑ ላይ ስለ ወረራው ረጅም አንቀጽ ነበረው፤ ልብ ወለዱ ከመነበቡ በፊት የተፈረደበት መሰለ። የተያዘው ሦስተኛው ነው፦ የርዕስ ገጹ ላይ ያለ ማዕረግ «አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ»፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ዘጌ፣ ቱሪን፣ እንጦጦ፣ ኔፕልስ፣ ሮም፣ ወረራው፣ ጅማ፤ ሁሉም በአንድ የፊደል መጠን፣ 9.5 ነጥብ፣ አንዱም ሳይደምቅ። አማርኛውን እና ዓይኑን ማድነቅ ይቻላል፤ ለዚያ የቀረውን በትንሽ ፊደል መደበቅ አያስፈልግም።

መስከረም 3ኛ ሳምንት — መከርከምና ሒሳብ

ዳሩ በማተሚያ ቤት መቁረጫ ተከረከመ፤ ስፋቱ 145 ሚ.ሜ። መጽሐፉ ጀርባው ከመቁረጫው ግድግዳ ጋር ካልተጣበቀ ይዘማል። አንዱ እንዲህ ዘሞ የመስመር ጫፍ አብሮ ተቆረጠ።

ከ60 ውስጥ 56 ወጡ። የቀሩት፦ ሁለት የሻገቱ፣ አንድ የዘመመ፣ አንድ ሠ እና ሰ የተቀያየሩበት። ጠቅላላ ወጪ 15,490 ብር፤ ለአንዱ 277 ገደማ። ከዚህ 3,570ው ኤ4 ወረቀቱና የወለል ፕላስቲኩ ነው።

ከ61 በ86ቱ የተቆረጠ 90 ሉህ ተርፏል፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከወለል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። አምስተኛው እንጨት ዳግም መቀረጽ አለበት። አዲሱ ዋንዛ ከነሐሴ ጀምሮ ጣሪያ ሥር ተደግፏል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ቶሎ እንዳይደርቁ ሰም ተቀብተዋል፤ ታኅሣሥ ላይ ይታያል። ዘውዱ በዘይት ወረቀቱ ላይ አለ። ቀደም ብለው የወጡት አርባ ስድስቱ ንጉሡ ሙሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ፊቱን ነጭ መስመር ይሰነጥቀዋል።